የሽንት ቤት መጣጩ ዌብሳይት

ጋሼ ሰይፈ ሚካኤልን የማያውቅ የመቱ ሰው የለም፤ አውቃቸዋለሁ የሚል ግን ፈልጋችሁ አታገኙም። ሥራቸው፣ ከፊታችሁ ዝቅ ይበልና፣ ሽንት ቤት መምጠጥ ነው። አንዲት አሮጌ ቢጫ መኪና አለቻቸው፤ ከኋላዋ ታንከር ተሸክማለች፣ በጎኗ ወፍራም ቱቦ ተጠቅልሎባታል። ከመቱ እስከ ጎሬ፣ ከጎሬ እስከ ቡሬ ጉድጓዱ የሞላበት ሁሉ የሚደውለው ለእሳቸው ነው። አደዋወሉ ደግሞ ጉድ ነው እኮ! እንደ ሰው "ሽንት ቤታችን ሞልቷልና ይምጡልን" የሚል የለም። "ጋሼ... ያ ነገር..." ይላሉ በሹክሹክታ። "የቱ ነገር?" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ጋሼ ሰይፈ ሚካኤልም "ገብቶኛል" ብለው ይነሳሉ። ሲደርሱ "እባክዎ መኪናዋን ጎረቤት ደጃፍ ያቁሙልን" ይባላሉ። ጎረቤትየው ምን እንደበደለ እንጃ! በሳምንቱ ያው ባለቤት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲያገኛቸው ደመናውን እያየ ያልፋቸዋል።

ይሄ ሁሉ ያን ያህል አይከፋቸውም ነበር። "ሰው አይደል፣ ያፍራል፣ ምን ይደረግ" ይላሉ። የሚከፋቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ለማንም ተናግረውት አያውቁም። አንዲቷ ልጃቸው ኑኃሚን ባንክ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጣ ገንዘብ ትከፍላለች። ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ "አባቴ ትራንስፖርት ላይ ነው" ማለቷን ከሰው ሰምተዋል። ውሸት ነው አይባልም፤ ማመላለሱንስ ያመላልሳሉ። ግን አንጀታቸውን አሳሮታል። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ባንክ ደጅ በመኪናም በእግርም አላለፉም።

እንዲህ ሆነው ሲኖሩ ሶር ፏፏቴ አጠገብ አዲስ ሎጅ ሊከፈት ነው ተባለ፤ ለፍሳሹ የዓመት ውል እንደሚሰጥም ተሰማ። ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል ኮታቸውን ለበሱ፣ መኪናዋን አጥበው ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ ጎንፋ የሚባል ወጣት ነው፤ አንገቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሎ፣ ቆርቆሮው ገና ተመትቶ ባላለቀ ጣሪያ ሥር ቆሞ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ስልኩን ወደ ላይ አንስቶ አገኙት።

"ኦቦ ሰይፈ፣ ከእርስዎ ሌላ ከጅማ የመጣ ድርጅት አመልክቷል" አላቸው። "ባለቤቱ ያሉት አዲስ አበባ ነው። የሁለታችሁን ዌብሳይት አይተው ዓርብ ይወስናሉ። ሊንኩን ይላኩልኝ።"

"ምኑን?"

"ሊንኩን። ዌብሳይት የለዎትም እንዴ?"

"ልጄ፣ መኪናዋ እኮ እበር ላይ ናት። ወጣ በልና እያት።"

"መኪና ማየት አይጠቅምም ኦቦ። አሠራራችን ዲጂታል ነው" አለ ጎንፋ፣ ስልኩን ወደ ግራ አዙሮ እያነሳ።

ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ሐሳብ ገባቸው። የጅማው መኪና ሎጁን ከያዘ በየሳምንቱ በመቱ በኩል ሊያልፍ ነው። ሲያልፍ ደግሞ ዝም ብሎ አያልፍም፤ እግረ መንገዱን የመቱንም የጎሬንም ይመጥጣል። አዲስ መኪና ነው፣ ሠራተኞቹ ዩኒፎርም ይለብሳሉ፣ ሰውም ከማያውቀው ሰው ጋር ኀፍረቱ ይቀልለዋል። ያኔ ቢጫዋ መኪና ደጅ ቆማ ዶሮ ይሰፍርባታል። "ዓርብ ነው እንግዲህ" አሉ፣ መሪውን ጨብጠው።

በማግስቱ ኩምሳ ዘንድ ሄዱ። ኩምሳ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ሱቅ አለው፤ በሩ ላይ "ዌብሳይት፣ ባነር፣ ማኅተም፣ ጉርድ ፎቶ፣ የሞባይል ጥገና፣ የውጭ አገር ስኮላርሺፕ" ይላል። ወንበር ሰጣቸውና ኮምፒውተሩን አስነሳ።

"ራእይዎ ምንድን ነው?" አላቸው።

"ምን አልከኝ?"

"የድርጅቱ ራእይ። ዌብሳይት ያለ ራእይ፣ ያለ ተልእኮና ያለ እሴት አይከፈትም።"

ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል ትንሽ አሰቡ። "ጉድጓድ እንዳይሞላ።"

"እሱ ተልእኮ ነው። ራእይ ሰፋ ማለት አለበት። 'በምሥራቅ አፍሪካ ተመራጭ ሆኖ መገኘት' እንደሚባለው ዓይነት።"

"እንዴ! የምሥራቅ አፍሪካን ሽንት ቤት በዚህች በአንዷ መኪና?"

ኩምሳ ከዚህ በፊት የሠራቸውን አሳያቸው። የወፍጮ ቤት አለ፣ የጥርስ ሐኪም አለ፣ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ አለ። በሦስቱም ላይ ሁለት እጆች ይጨባበጣሉ፤ እጆቹም የፈረንጅ ናቸው። "የማን እጅ ነው?" ብለው ቢጠይቁ "የአጋርነት" አላቸው። አራተኛው አልከፈት አለ። "ሰርቨር ነው" አለ ኩምሳ፣ ሰው "የፈጣሪ ሥራ ነው" በሚልበት ድምፅ። ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል አመስግነው ወጡ።

ቤት ገብተው ለባለቤታቸው ለእትዬ ጥሩአየሁ ነገሯቸው። እትዬ ጥሩአየሁ ሽንኩርታቸውን ሳያቋርጡ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ስትጎረጉር ትውላለች፣ እሷን ትተህ ምን አዞረህ?" አሉ። ምን እንዳዞራቸውማ ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል ያውቁታል። ፈርተዋት ነው። ልጅን መፍራት ደግሞ ለሚስትም አይነገርም።

ኑኃሚን ከሥራ ስትመለስ እየፈሩ እየቸሩ ነገሯት። ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣችና፣ "ኩምሳን ተወው አባዬ" አለች። "ኢንተርኔት ላይ ራስህ የምትሠራበት ነገር አለ፤ በነጻ ነው። የተዘጋጀ ናሙና ትመርጣለህ፣ ጽሑፉን ትቀይራለህ፣ አለቀ። እኔ እሠራልሃለሁ።" አቤት ደስታቸው! ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ስለ ሥራቸው ከልጃቸው ጋር አንድ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ስልኩ አስቀድሞ "ንግድዎ ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀ። ኑኃሚን ጣቷን እያንሸራተተች የመጣውን ሁሉ ታነብላቸው ጀመር። ምግብ ቤት። ጥፍር ማስዋቢያ። ጠበቃ። የውሻ ጸጉር ቆራጭ።

"የውሻ ጸጉር ቆራጭ! ለውሻ ተገኝቶ ለእኛ ሊጠፋ ነው?"

ወዲያው አንድ ምስል ብቅ አለ። ቱታ የለበሰ ሰውዬ ሽንት ቤት መቀመጫ አጠገብ ተንበርክኮ፣ መፍቻ ይዞ ይስቃል። ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል ከወንበራቸው ተነሱ። "እሱ ነው! ቁሚ እዚያ ላይ!" ኑኃሚን ግን ቶሎ አለፈችው። "ቀለሙ አያምርም" አለች። ሰማያዊ ነበር፤ ቀሚሷም ሰማያዊ ነበር።

የመረጠችው ለስፓና ለውበት እንክብካቤ የተዘጋጀውን ነው። አረንጓዴ ቅጠል አለው፣ የለሰለሱ ድንጋዮች አሉት፣ ነጭ ፎጣ የተጠቀለለች ፈረንጅ ዓይኗን ጨፍና ተጋድማበታለች።

"ይቺ ማን ናት?"

"ሞዴል ናት አባዬ።"

"ምን ሆና ነው ዓይኗን የጨፈነችው?"

"ዘና ብላ ነው።"

"በእኛ ሥራ እኮ የሚያዘው አፍንጫ ነው" አሉ ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል። ኑኃሚን ሳቀች፤ ሳቋን ሲያዩ ፈረንጇን ይቅር አሏት። ከዚያ ጽሑፉ መጣ። "'ከይቅርታ ጋር፣ ሽንት ቤት እንመጥጣለን' ብለሽ ጻፊ" አሏት።

"እንዲህ ያለ ቃል ዌብሳይት ላይ አይጻፍም።"

"ታዲያ ምን ይባላል?"

ጻፈችና አነበበችላቸው። "'ማንም ሳያይብዎ መጥተን ሸክምዎን አቅልለንልዎ እንሄዳለን። እርስዎ ዘና ይበሉ።'"

እትዬ ጥሩአየሁ ከጓዳ ሆነው፣ "የነፍስ አባት መሰላችሁ እኮ!" አሉ። ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል ግን አማርኛው ማረካቸው። የማዘዣውን ቅጽም ወደዱት፤ "ስንት ሰው ነዎት? ሙሉ አገልግሎት ነው ከፊል?" ይላል። ጉድጓድ የሚሞላው በሰው ብዛት ስለሆነ ያሰበ ሰው የሠራው ነው አሉ። የድርጅቱን ስም ኑኃሚን "ኤስ ኤም ሶሉሽንስ" አለችው። "ኤስ ኤም ማን ነው?" ሲሏት "አንተ ነህ" አለቻቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገር ግን በማግስቱ ኮታቸውን ለብሰው መኪናቸው ፊት ቆመው የተነሱትን ፎቶ ቢፈልጉ ቢፈልጉ ዌብሳይቱ ላይ አጡት።

"ፎቶዬስ?"

"ዲዛይኑን ያበላሸዋል አባዬ።"

ገባቸው። ጎረቤት ደጅ መኪና ማቆም፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ደመና ሲታይባቸው መዋል፣ ሁሉም ተደምሮ የዚህችን ያህል አላመማቸውም። ግን ልጃቸው ናት፣ ደክማበታለች፤ "እሱስ እውነትሽን ነው" ብለው ዋጡት። ሊንኩም ለጎንፋ ተላከ።

ረቡዕ ዕለት የመጀመሪያው ትእዛዝ በስልካቸው ገባ። "ገለኔ፣ ቡሬ። አራት ሰው። ሙሉ አገልግሎት። ሐሙስ ጠዋት።" እንደ ሰው በሹክሹክታ ሳይሆን በጽሑፍ! ዘመን እንዲህ ነው አሉና ሐሙስ በማለዳ ቡሬ ገቡ። መኪናዋን እንደለመዱት ጎረቤት ደጃፍ አቁመው፣ ቱቦውን ትከሻቸው ላይ አድርገው አንኳኩ። በሩን የከፈቱት አዴ ገለኔ ናቸው፤ ሙሉ ሴት ናቸው፣ ነጭ ነጠላ ተከናንበው ጸጉራቸውን ፈተዋል። ከኋላቸው ልጃቸውና ሁለት እኅቶቻቸው እንደዚሁ ሆነው አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ልጅቷ ሙሽራ ናት፤ ሰርጉ እሑድ ነው።

"ከኤስ ኤም ነዎት?" አሉ አዴ ገለኔ፣ በትከሻቸው በኩል ወደ ውጭ እያዩ። "ሴትየዋስ?"

"የቷ ሴትዮ?"

"ፎቶው ላይ ያለችው።"

"እሷ ሞዴል ናት" አሉ ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል፤ አዲሷን ቃል ስላወቋት ደስ ብሏቸው።

"እሺ... ታዲያ ከማን እንጀምር? ከሙሽራዋ?"

"ለእኔ ማንም ቢሆን ልዩነት የለውም እመቤቴ። ብቻ መታጠቢያ ቤቱን ያሳዩኝ" አሉና ቱቦውን ከትከሻቸው አውርደው ግቢው ላይ ይዘረጉት ጀመር። የቱቦው አፍ ተንከባሎ ሙሽራዋ እግር ሥር ቆመ። ሙሽራዋ ቱቦውን አየች፣ ሽማግሌውን አየች፣ እንደገና ቱቦውን አየች።

"ኡኡ! በዚህ ነው የሚያጥቡን?"

አግዳሚው ተገለበጠ፤ አክስቶቿ ወደ ጓዳ ሮጡ። "ያ ረቢ!" አሉ አዴ ገለኔ። ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል ደንግጠው፣ "ከፊትዎ ዝቅ ይበልና..." ብለው ጀመሩና ሥራቸውን አንድ በአንድ አስረዱ። አዴ ገለኔ ሰምተው ሲጨርሱ ቁጣቸው ባሰ እንጂ አልበረደም።

"ሽንት ቤት መጣጭ ከሆኑ ሽንት ቤት መጣጭ ነኝ ብለው አይጽፉም? ምን ያሳፍራል? የእኛው ሞልቶ፣ ሰርግ ደርሶብን፣ ወር ሙሉ መጣጭ ፍለጋ ስንዞር! የመጣጭ ስልክ የቡሬን ሰው ሁሉ ጠይቄያለሁ። 'እኛ ጋ መጥቶ አያውቅም' ይላሉ፣ ሁሉም! አንዱም ሽንት ቤት የለው ይሆን? ኢንተርኔት ላይ ብፈልግ መጣጭ አጣሁ፤ ያገኘሁት የእርስዎን ቅጠልና ድንጋይ ነው!"

ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል ጎንበስ ብለው ቱቦውን መጠቅለል ጀመሩ። ሳይቀኑም፣ "ልጄ ታፍርብኛለች" አሉ። ይህን ቃል ከአፋቸው ሲያወጡት የመጀመሪያቸው ነው፤ ለራሳቸውም እንግዳ ሆነባቸው። አዴ ገለኔ ቁጣቸው ሟሸሸ። "ውይ" አሉ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። መኪናዋን ከጎረቤት ደጅ አስነስተው ወደ ግቢያቸው ራሳቸው መርተው አስገቧት፤ ሥራው እስኪያልቅም አልተለዩዋቸውም።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ጎንፋ ደወለ። ድምፁ እየተቆራረጠ ነው።

"ኦቦ ሰይፈ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! እንዲህ ያለ ሥራም እንዳለዎት አልነገሩኝም! ባለቤቱ ዌብሳይትዎን በጣም ነው የወደዱት። የሎጁን ስፓ እንዲይዙ መርጠውዎታል። ሴትየዋን ይዘዋት ይምጡ!"

"ፍሳሹስ?"

"ፍሳሹ የጅማው ነው፤ እነሱ ገና ከላይ 'ሽንት ቤት መምጠጥ' ብለው ጽፈዋል። ከሰዓት ይፈረማል። እርስዎ ግን..." ስልኩ ተቋረጠ። ደጋግመው ቢሞክሩ አልገባ አለ።

ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል ሥራ ላይ ነበሩ፤ ቦት ጫማቸውን እንኳ አላወለቁም። አሰቡ፣ ሌላ መንገድ አጡ፤ ያንን ሲሸሹት የኖሩትን ባንክ ቤት ገፍተው ገቡ። በሩ ላይ ጥበቃው እግራቸውን አየ። ልጃቸውን አልጠሩም፤ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ሰልፍ ያዙ። ፊታቸው ያለው ሰው ገልመጥ አድርጎ አያቸውና አፍንጫውን ይዞ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ተራቸው ሲደርስ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው ለኑኃሚን በሹክሹክታ ነገሯት። ኑኃሚን ፊቷ ዐመድ መሰለ። ስልኳን አንስታ ለጎንፋ ደወለች፤ እሷ በመከራ አገኘችው።

"ሄሎ፣ ስለ ኤስ ኤም ሶሉሽንስ ነበር" አለች ዝግ ብላ። "ስፓ አይደለም። የአካባቢ እንክብካቤ ነው።"

"አይሰማም! ምን እንክብካቤ?"

"የቤት... ሸክም ማቅለል..."

"አይሰማም! ማሸት ነው ያልሽው? ማሸቱንማ ሰጠናችሁ!"

ኑኃሚን ግራ ቀኟን አየች። አጠገቧ ያለችው ባልደረባዋ ጆሮዋን ጥላለች። ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል ልጃቸው ስትጨነቅ ማየት አልቻሉም። "ተይው ልጄ፣ ይቅር። መኪናዋንም ብሸጣት ነው የሚሻለኝ" ብለው ዞሩ። ሁለት እርምጃ ሳይሄዱ ከኋላቸው የወንበር መውደቅ ሰሙ።

"ሽንት ቤት ነው!" አለች ኑኃሚን ቆማ። "ሽንት ቤት! ሽንት ቤት ነው የሚመጥጠው!"

ብር ቆጣሪው ማሽን ቆመ።

"ማን?" አለ ጎንፋ፤ ድምፁ ከስልኩ ውጭ ይሰማል።

"አባቴ! አባቴ ነው! ሰይፈ ሚካኤል ይባላል! በቢጫ መኪና! የመቱን ሽንት ቤት በሙሉ የመጠጠው እሱ ነው! አላምንም ካልክ እዚህ የተሰለፈውን ሰው ሁሉ ልጠይቅልህ!" ስልኩን በመስኮቱ ቀዳዳ ወደ ሰልፉ አወጣችው። "እስቲ ንገሩት! የእናንተን የሚመጥጠው ማን ነው?"

ሁሉም የየራሱን ጫማ ያያል። አፍንጫውን የያዘው ሰውዬ ጭራሽ ወደ ግድግዳው ዞረ። ኑኃሚን ግን ስልኩን አላወረደችም። ከሰልፉ መሃል እትዬ ዙፋን የሚባሉ፣ ወርቃቸው ብዙ፣ የሆቴል ባለቤት የሆኑ ሴት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የእኛን... ባለፈው ወር..." አሉ።

"አይሰማም!" አለ ስልኩ።

"የእኛን መጥጧል ነው የምልህ!" ብለው ጮኹ እትዬ ዙፋን፤ ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው። "የእኛንም!" "ጥምቀት ሰሞን!" "በዓመት ሁለቴ!" አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ ሰልፉ ፈርሶ ሁሉም ስልኩ ላይ ሽንት ቤቱን መናዘዝ ያዘ። ጥበቃው ሳይቀር ከበሩ ሆኖ እጁን አወጣ። አፍንጫውን የያዘው ሰውዬም ከግድግዳው ሳይዞር፣ "ገና ትናንት እኮ ነው" አለ።

"ገባኝ፣ ገባኝ! በቃ!" አለ ጎንፋ። "የጅማውን አስቆማለሁ፤ ለባለቤቱ አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ። ከተማው ሁሉ እንዲህ የሚመሰክርለት ሰው እያለ ምን ዌብሳይት አስፈለገ! ውሉ ላይ ማን ብዬ ልጻፍ? ኤስ ኤም?"

"የለም! ሰይፈ ሚካኤል በል!" አለች ኑኃሚን፤ ድምፅዋ ሻክሯል፣ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል። "ይሰማል? ሰይፈ ሚካኤል! አባቴ!"

ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል ተመልሰው መስኮቱ ላይ ደረሱ። ልጃቸው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዲህ ስትጮህ ጨነቃቸው፤ ዙሪያቸውን አየት አድርገው በመስታወቱ ቀዳዳ ወደ ጆሮዋ ተጠጉ።

"ቀስ በይ ልጄ" አሏት በሹክሹክታ። "ሰው ይሰማል።"

"ይስማ!" አለች።